አስፋልት ዳር ያለው ቤትና የማይሸጠው 90 ካሬ

ጥያቄ፦ «ከጠዳ ወጣ ብሎ ወደ ማክሰኝት በሚወስደው አስፋልት ዳር ቤት ልገዛ ነው። ካርታው 200 ካሬ ይላል፤ አጥሩ ግን ወደ መንገዱ ገፋ ብሎ 290 ያህል ያቅፋል። ሻጩ የትርፉንም ዋጋ አስቦብኛል፤ ‹መንገዱ ቢሰፋም ካሳ ይከፈልሃል› ይለኛል። በአካባቢው የእግረኛ መንገድ የለም፤ መኪናው ይበራል። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ታናሹ 7 ዓመቱ ነው፤ አሮጊት እናቴም አብራኝ ትኖራለች። እስከ ቅዳሜ 150,000 ብር ቀብድ ካልሰጠህ ለሌላ ይሸጣል ተብያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ቅዳሜ ቀብድ አይስጡ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን መተው ይችላል፤ ቀብዱ ግን ይቀርበታል። ቀብድ ተቀባዩ ሐሳቡን ከቀየረ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቅዳሜ ከፍለው ሰኞ ዕለት ቤቱ በመንገድ ወሰን ውስጥ መሆኑን ቢደርሱበትና ልተወው ቢሉ፣ 150,000 ብሩን ለማስመለስ ክርክር ውስጥ ይገባሉ። የግድ መክፈል ካለብዎ ወረቀቱ ላይ «ከመንገዶች አስተዳደርና ከማዘጋጃ ቤት በሚመጣው የጽሑፍ መልስ ይዞታው በሙሉ ወይም በከፊል በመንገድ ወሰን ውስጥ መሆኑ ከታወቀ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ይግባበት። ሻጩ ይህን መፈረም ካልፈለገ ለምን እንዳልፈለገ ያስቡበት።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። የ50 ሜትር መለኪያ ተውሰው እሑድ ማለዳ መኪና ሳይበዛ ይለኩ። መሃል አስፋልት ላይ መቆም አያስፈልግም፤ ከአስፋልቱ ጠርዝ ጀምረው ይለኩና የአስፋልቱን ግማሽ ስፋት ይጨምሩበት። አስፋልቱ 7 ሜትር ከሆነ የሚጨመረው 3.5 ነው። ከጠርዙ እስከ አጥሩ 5 ሜትር ቢሆን አጥሩ ያለው ከመንገዱ መሃል 8.5 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። የቦታው የፊት ለፊት ወርድ 15 ሜትር ከሆነ፣ ያ ትርፍ 90 ካሬ 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ቁራጭ ነው፤ የካርታው ድንበር የሚጀምረው ከመሃል 14.5 ሜትር ላይ ይሆናል። የቤቱ ግድግዳ ከድንበሩ 3 ሜትር ቢገባ ከመሃል 17.5 ሜትር ይርቃል። ቁጥሮቹን በራስዎ ልኬት ይተኳቸው፤ ስሌቱ ግን ይኸው ነው።

ይህ የሚያስፈልገው መንገድ ማለት አስፋልቱ ብቻ ስላልሆነ ነው። በአገራችን የመንገድ ሥራ በብዛት የሚያዘው ወሰን 30 ሜትር፣ ማለትም ከመሃል ግራና ቀኝ 15፣ 15 ሜትር ነው። ለዋና ዋና መንገዶች ደግሞ በዲዛይን መመሪያው 50 ሜትር ይያዛል፤ ያ ከመሃል 25 ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ ስለሆነ ሁለቱንም ማሰብ ይገባል። በ15ቱ ከሄድን 90 ካሬው በሙሉ፣ ከካርታውም ግማሽ ሜትር የመንገዱ ነው። በ25ቱ ከሄድን ደግሞ የቤቱ ፊት ራሱ ወሰን ውስጥ ይገባል።

ለዚህ ነው ሁለት ደብዳቤ የሚያስፈልግዎ። አንዱን ማመልከቻ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የጎንደር ዲስትሪክት ያስገቡ፤ በዚያ ቦታ ላይ የመንገዱ ወሰን ከመሃል ስንት ሜትር እንደሆነና የታሰበ የማስፋት ሥራ ካለ ይጠይቁ። ሁለተኛውን ካርታውን ለሰጠው ማዘጋጃ ቤት ያስገቡ፤ በፕላኑ ላይ የመንገዱ ስፋት ስንት እንደሆነ፣ ካርታው ከፕላኑ ጋር መጣጣሙን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያረጋግጡ። የካርታውን ቅጂ፣ የለኩትን ቁጥርና የአካባቢውን መለያ፣ ለምሳሌ በቅርብ ያለውን የኪሎ ሜትር ምልክት ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ አያይዙ። መልሱን በቃል አይቀበሉ፤ ቁጥርና ማኅተም ያለው ይሁን። ባለሙያው ወርዶ ችካል ቢያስቀምጥ ደግሞ የበለጠ ነው።

የሻጩ «ካሳ ይከፈልሃል» የሚለው ቃል በከፊል እውነት ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የእርስዎ የሚሆነው በመሬቱ ላይ የተሠራው ቤት ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚከፈለውን ካሳ የሚወስነው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከነማሻሻያው ነው። ካሳ የሚያገኘው ሕጋዊ ባለይዞታ ሲሆን፣ ለቤቱ የሚሰላውም ያንኑ ቤት ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። አስፋልት ዳር ስለሆነ ብለው የጨመሩት ገንዘብ በዚያ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። ከካርታው ውጭ ለታጠረው 90 ካሬማ ባለይዞታ የሚያደርግዎ ወረቀት የለም። ጎዳና የሕዝብ አገልግሎት ንብረት ነው፤ 20 ዓመት ታጥሮ ቢቆይም በይርጋ የግል አይሆንም። ልቀቁ የሚል ትዕዛዝ ከመጣ ደግሞ ቅሬታ የሚቀርበው ትዕዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እውነት ስለሌለው ሳይሆን ይህ ቀን ስላለፈበት ነው።

ቀጥሎ ያለውን ልብ ይበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2281 ሻጭ፣ ከውሉ በፊት መብት የነበረው ሌላ ወገን ንብረቱን ቢወስድብዎ፣ ዋስ ነው። ነገር ግን ገዢው ውሉን ሲያደርግ ስጋቱን ያውቅ ከነበረ፣ ሻጩ በግልጽ ዋስትና ካልሰጠ በቀር፣ ይህ ዋስትና አይኖርም። እርስዎ ለክተዋል፣ ጠይቀዋል፣ ይህንንም አንብበዋል፤ ስለዚህ ስጋቱን ያውቃሉ። መፍትሔው ዋስትናውን በቃላት ማጻፍ ነው፦ «በካርታው ላይ የተመለከተው ይዞታ ከዚህ ውል በፊት በነበረ የመንገድ ወሰን ምክንያት በሙሉ ወይም በከፊል ቢወሰድ ሻጭ የተቀበለውን ዋጋ በተወሰደው ልክ ይመልሳል፤ ገዢ ስጋቱን ያውቅ ነበር የሚል መከራከሪያ አያቀርብም።»

የ90 ካሬውን ዋጋ ግን ከነጭራሹ ይሰርዙት። ሻጩ የራሱ ያልሆነውን ሊሸጥልዎ አይችልም። ቤቱን ከገዙም አጥሩን ወደ ካርታው ድንበር ይመልሱት። ይህን የምለው ሕግ ለማክበር ብቻ አይደለም። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ ሰው የሚሄደው በአስፋልቱ ጠርዝና በአጥሩ መካከል ነው። ከዚያ 5 ሜትር ላይ 1.5 ያህሉ የመንገዱ ትከሻ ነው፤ ከዚያ የጎርፍ መውረጃው ቦይ አለ፤ የቀረችው ሁለት ሜትር በክረምት ጭቃ ትሆናለች፤ ልጁም አስፋልት ላይ ይወጣል። አጥሩ 6 ሜትር ሲገባ ከቦዩ ወዲህ 8 ሜትር ያህል መሄጃ ይከፈታል። ልጅዎ የሚራመድበትን ቦታ የዘጋው ሊገዙት የነበረው ቁራጭ ነው። ጎረቤቶችም አብረው ቢመልሱ ያ ሰፈር ማንም ያልሠራው የእግረኛ መንገድ ይኖረዋል።

ወረቀቱ ሁሉ ቢሟላ እንኳ የማቋረጡ ነገር ይቀራል። እኛ አገር መኪና በቀኝ ስለሚሄድ፣ በየትኛውም ጎን ቢኖሩ ወደ ጎንደር ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ አንድ ጊዜ አስፋልቱን መሻገር አይቀርም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ሚኒባስ በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ጤነኛ ሰው 7 ሜትር አስፋልት ለመሻገር 6 ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል፤ በዚያ ጊዜ መኪናው 130 ሜትር ይደርሳል። ቀስ ብለው ለሚራመዱት እናትዎ 9 ሴኮንድ ይሁን፤ መኪናው 200 ሜትር ያህል ይመጣል። ስለዚህ በሩ ላይ ቆመው በሁለቱም አቅጣጫ 200 ሜትር ይታይ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በእርምጃ ወደ 270 ገደማ ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ኩርባ፣ ዳገት ወይም የባሕር ዛፍ ረድፍ ከሸፈነ እናትዎ መሻገር ሲጀምሩ ያልነበረ መኪና ሳይጨርሱ ይደርስባቸዋል። ሲመሽም መጥተው ይዩት። ቤቱ ኩርባ ላይ ከሆነ ደግሞ በየትኛው ጎን እንዳለ ይመልከቱ፤ ፍጥነት የበዛበት መኪና የሚወጣው ወደ ኩርባው ውጭ ነው።

«ፍጥነት መቀነሻ እናሠራለን» የሚል ተስፋ ላይ ተመርኩዘው አይግዙ። ጥያቄው በቀበሌው በኩል ለዲስትሪክቱ፣ ግልባጩ ለትራፊክ ፖሊስ ይቀርባል። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት የሚሻገሩ ተማሪዎች ቁጥር፣ ከዚህ በፊት የደረሱ አደጋዎች የፖሊስ መዝገብና የነዋሪዎች ፊርማ ከተያያዘ ይጠነክራል። ነገር ግን በዋና መንገድ ላይ፣ ከከተማ ውጭ፣ ከጉብታ ይልቅ የማስጠንቀቂያ ምልክት ወይም የዜብራ ቀለም ማግኘት ይቀላል። በራስ ድንጋይ ደርድሮ ወይም አፈር ቆልሎ ጉብታ መሥራት ግን በፍጹም አይሞከር፤ ሞተር ሳይክል ቢወድቅበት ኃላፊው የሠራው ሰው ነው። ለመኪና መግቢያ ብሎ ቦዩን በአፈር መድፈንም እንደዚያው ነው። ያለ ፈቃድና ያለ ቱቦ ከተደፈነ የሐምሌ ጎርፍ ወይ ወደ ግቢዎ ወይ ወደ ጎረቤት ይዞራል፤ መንገዱንም ከሥር ይበላዋል። ከብት ካለዎት ያስሩ፤ ባለቤት እንስሳው በድንገት አምልጦ ላደረሰው ጉዳት ጭምር ኃላፊ ነው (ቁጥር 2071)።

እግዚአብሔር አያድርገውና አደጋ ቢደርስ ሕጉ ለተጎጂው ያደላል። በቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል፤ መኪናው ግድግዳዎን ቢያፈርስም እንዲሁ። ተጎጂው ራሱ ካጠፋ ግን ካሳው ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ ልጆቹ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራቸውን ይዘው፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ መሄድን ይልመዱ። የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊው፣ የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋ ፕላንና የሕክምና ደረሰኝ ይያዝ። የመድኑ ክፍያ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ የሚተርፈው ከባለቤቱ ይጠየቃል። ገጭቶ ያመለጠ ከሆነ ለሞትና ለአካል ጉዳት ወደ መድን ፈንድ ይኬዳል። ክሱ በመርሕ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ለኅሊና ጉዳት ሕጉ የሚፈቅደው እስከ 1,000 ብር ብቻ መሆኑንም ይወቁት። ልጅ ላጣ ወላጅ ይህ ምን ያህል እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።

የእኔ ምክር ይኸውና። 200 ሜትሩ በአንድ በኩል እንኳ የማይታይ ከሆነ ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት። የሚታይ ከሆነ፣ ሁለቱ ደብዳቤዎች ንጹሕ ከመጡና ዋጋው በ200 ካሬ ብቻ ከተሰላ፣ ይግዙት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ዘንድ ይመዝገብ። ቁጥር 1723 ይህን ይጠይቃል፤ የሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 በዚሁ መንገድ ወስኗል። ሻጩ ያገባ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ከዚያ ስም ማዞሩን ሳያሳድሩ ይጨርሱ፤ በስምዎ ካልተመዘገበ ሦስተኛ ወገን ሊቀድምዎ ይችላል።

ልብዎ ካመነታ ደግሞ ቤቱን ከሰኔ እስከ መስከረም ይከራዩት። ቦዩ ሲሞላ፣ ትምህርት ሲከፈት፣ ጭጋግ ሲወርድ ያዩታል። «እስከዚያ ለሌላ አልሸጥም» የሚለውን ቃል ግን በእጅ ጽሑፍና በሁለት ምስክር ብቻ አይያዙት፤ በቁጥር 1721 ለሌላ ውል ቅድመ ዝግጅት የሚሆን ውል ዋናው ውል በሚደረግበት ፎርም መደረግ አለበት፤ ማለትም እሱም ውልና ማስረጃ ይሄዳል።