ከስጦታው ቀብዱ

ገንዘብ አዋጥታችሁ አገር ቤት ላሉ ሴት ሸማኔዎች መሸመኛ ልትገዙ የምታስቡ አላችሁ። ሐሳባችሁ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙዎቹን የቸገራቸው የክር መግዣ ነው። ነጋዴው ክሩን በዱቤ ይሰጣታል፤ ሠርታ ስትጨርስ ነጠላውን ራሱ በቆረጠው ዋጋ ይረከባታል። የክሩ ዕዳ ሲነሳላት በእጇ የምትቀረው ለልፋቷ እንኳ አትበቃም። እናንተ ትእዛዝ ሰጥታችሁ ግማሹን ቀብድ ብትልኩላት ክሩን በእጅ በእጅ ትገዛለች፤ ዋጋውንም የምትናገረው እሷ ትሆናለች። ገንዘቡ በራሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ ወይም በራሷ ቴሌብር ይግባ። በባሏ ወይም «እኔ አደርስላታለሁ» በሚል ዘመድ በኩል አይሁን። ቅር የሚለው ይኖራል፤ ይበለው።

ፈታዮቹንም አትርሷቸው። ዶርዜም ሆነ ሌላው ጋ ሽመና የወንድ ሙያ ሲባል ኖሯል፤ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት የምትፈትለው ግን ሴቷ ናት። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ማግ ፈትላ እስክታወጣ ሳምንታት ይፈጅባታል። «የእጅ ፈትል ይሁንልኝ» ብሎ አዞ በፋብሪካ ክር ዋጋ የሚከራከር ሰው፣ እውነቴን ነው፣ ያበሽቀኛል።

ስታዙ ልኩን ተናገሩ፤ «ቆንጆ አድርገሽ ሥሪልኝ» ማለት ትእዛዝ አይደለም። የሸማ ወርድ ከሜትር በታች ስለሆነ፣ መጋረጃ ወይም የአልጋ ልብስ ከፈለጋችሁ ስፌቱ የት ላይ እንደሚውል አስቀድማችሁ ተስማሙ። የእጅ ፈትል መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ቁመቱ ላይ ጨመር አድርጉ። ጥለቱ ደማቅ ቀለም ካለው ክሩን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽታ ፎቶውን ትላክላችሁ። ከለቀቀ ሳይሸመን ይቀየር፤ ከተሸመነ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም።

ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አትደውሉላት፤ ያኔ የሁሉም እጅ ተይዟል። ክረምት መግቢያ ላይ እዘዙ።

አሜሪካ ወስዳችሁ ልትሸጡ ከሆነ ደግሞ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል፣ መውጣቷን አስታውሱና ቀረጡን ከመጀመሪያው አስሉት። ቀረጡ ሲመጣ «ዋጋ ቀንሺልኝ» ብሎ ወደ ሸማኔዋ መዞር ነውር ነው።

ለመጀመሪያ አራት ነጠላ ይበቃል። እንደተባባላችሁት ሆኖ ከመጣ ቀሪውን ክፍያ በዚያው ቀን ላኩላት፤ የሚቀጥለውን ቀብድም አብራችሁ።