ለድንጋይ ሽማግሌ አይላክም

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ደብረ ሲና ነው። ለንግድ በየሳምንቱ ደብረ ብርሃን እመላለሳለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ትርፍ ጭኖ ነበር። ሹፌሩ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ እያወራ፣ ጣርማበር ላይ በዚያ ጭጋግ ከባድ መኪና ደርቦ ሊያልፍ ሲል ከፊት አይሱዙ መጣብን። ለጥቂት ተረፍን። ጉዶ በረት ሳንደርስ ደግሞ የመኪናው ጎን አንድ ነገር የነካ መሰለን። «ድንጋይ ነው» ብሎ ሳይቆም ነዳው። እንዲህ ያለ ሹፌር ሲያጋጥም ለፖሊስ መደወል ያለብን መቼ ነው? ብደውልስ እኔ ላይ ጣጣ ይመጣብኛል ወይ? ሹፌሩ የአገራችን ልጅ ነው። ሽማግሌዎችም «ነገሩን በዕርቅ ጨርሱት» እያሉኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገቡ።

የጠየቁኝ መቼ እንደሚደወል ነው። እሱን እመልሳለሁ፤ ረጅም አይደለም። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ግን ሁለት ነገር አላስተኛኝም። አንደኛው «የነካ መሰለን» ያሉት ነው። ሁለተኛው ሽማግሌዎቹ ናቸው። እርስዎ ከሹፌሩ ጋር አልተጣሉም። አልከሰሱትም። ገንዘብም አልተካካዳችሁም። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ማንን ከማን ሊያስታርቁ ነው የመጡት? በመኪና ሙሉ ሰው ፊት በችኮላ የነዳ ሹፌር ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሽማግሌ አይልክም። ለድንጋይም ሽማግሌ አይላክም። አንድ ሰው የሰማው ነገር አለ። ምናልባት እርስዎም ሰምተዋል፤ ለእኔ ግን አልጻፉልኝም።

መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ።

ለፖሊስ ለመደወል ሰው እስኪሞት አይጠበቅም። ጠጥቶ የሚነዳ፣ መሪ ላይ የሚያንጎላጅ፣ ኩርባ ላይ ወይም ጭጋግ ውስጥ ደርቦ የሚያልፍ፣ ስልክ እያወራ የሚነዳ፣ ሰው ቆሞ እስኪሄድ ትርፍ የሚጭን፣ ከሌላ መኪና ጋር የሚሽቀዳደም ሹፌር ካዩ በዚያው ሰዓት ይደወላል። ማታ ቤት ገብቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ከጎረቤት ተማክሮ አይደለም። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። እዚያ መንገድ ላይ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው።

መኪናው ውስጥ ከሆኑ በመጀመሪያ ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ቀስ በል» ይበሉ። አንድ ሰው ሲናገር ሌላውም ይናገራል። መሪ ላይ እጅ አይሰዱ፤ ከሹፌር ጋር አይጨቃጨቁ። እምቢ ካለ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይውረዱ። ኬላ ወይም ትራፊክ ፖሊስ ካለ እዚያው ይንገሩ። ከሌለ ይደውሉ። 991ን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ግን የደብረ ሲናን፣ የደብረ ብርሃንንና በመካከል ያሉትን ወረዳዎች የፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ዛሬውኑ ጠይቀው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ እላለሁ። መንገድ ላይ ቁጥር መፈለግ አይሆንም፤ ኔትወርክም ሊጠፋ ይችላል። የተጎዳ ሰው ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የራሳችሁን መኪና የምትነዱ አንባቢዎች ደግሞ እንዲህ ያለ መኪና ስታዩ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት። ቆማችሁ ደውሉ። እንዳታባርሩት።

ሲደውሉ የሚጠየቁት አንድ ነገር አለ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እሱን ነው። ታርጋውን ሙሉውን ይያዙ። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። ኮዱና የክልሉ ፊደል አብረው መኖር አለባቸው። ኮድ 3 አማ የሆነ መኪናና ኮድ 3 አአ የሆነ መኪና አንድ ዓይነት ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። «ነጭ ሚኒባስ፣ መጨረሻው 47» ብሎ ጥቆማ አይሆንም። በዚያ ላይ ሰዓቱን፣ ቦታውንና መኪናው ወዴት እየሄደ እንደነበር ይናገሩ።

«ጣጣ ይመጣብኛል ወይ?» ለሚለው፦ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 11 ማንም ሰው ስለ ወንጀል ጥቆማ መስጠት እንደሚችል ይናገራል። በዓይኑ ያላየው እንኳ ይችላል። ቁጥር 14 ደግሞ ጥቆማው በማንኛውም መልክ ቢቀርብ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ቀን እንዲጻፍበትና ጠቋሚው እንዲፈርምበት ያዛል። ስለዚህ ጣቢያ ሄደው በቃል ተናግረው ብቻ አይመለሱ። ሲጻፍ ይዩ፣ ይነበብልዎት፣ ይፈርሙ፣ የመዝገቡን ቁጥር ይያዙ። የሚያስጠይቀው ሐሰት መሆኑን እያወቁ ሰውን መወንጀል ነው። ያዩትን እንዳዩት የተናገረ ሰው፣ ነገሩ በኋላ ሌላ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ በዚህ አይከሰስም። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅም አለ፤ ቁጥር 699/2003 ነው። እሱ ግን ለከባድ ወንጀሎች የወጣ ነው። ለእርስዎ ጉዳይ በእርግጠኝነት ይደርሳል ብዬ አልዋሽዎትም። ስጋት ካለዎት ስጋትዎን ለመርማሪው ይንገሩት፤ እሱም ይጻፍ።

አሁን ወደ ጉዶ በረት ልመለስ።

እህቴ፣ ትንሽ ልቆጣዎት ነው። በሚኒባስ ውስጥ ሁሉም ሰው ድምፁን ከሰማ፣ ሁሉም ከተያየ፣ ሹፌሩ «ድንጋይ ነው» ሲል ሁሉም ዝም ካለ፣ ያ ዝምታ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ሰዓት በመንገዱ ዳር እንጨት የተሸከመች ሴት ትኖራለች። በግ የሚነዳ ልጅ ይኖራል። አህያውን ጭኖ ገበያ የሚሄድ ሽማግሌ ይኖራል። ጭጋግ ውስጥ የወደቀ ሰውን ቀጥሎ የሚመጣው መኪና አያየውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ አውቆ ያለፈን ሰው ይቀጣል። ጉዳቱን ራሱ ያደረሰው ሰው ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። እርስዎ አላወቁ ይሆናል። «መሰለን» ብለዋል፤ አምንዎታለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት አልፏል። የሰሙት ነገር ካለ «መሰለን» የሚለው ቃል ከእንግዲህ አያዋጣዎትም። ዛሬ ጠቋሚ ነዎት። ነገ ፖሊስ ራሱ ፈልጎ ካገኘዎት «ለምን ዝም አልሽ?» ተብለው የሚጠየቁ ሰው ይሆናሉ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ወረቀት ይውሰዱና የሚያስታውሱትን በሙሉ ይጻፉ። ከመናኸሪያ ስንት ሰዓት እንደወጣችሁ፣ የት እንደተቀመጡ፣ ድምፁ በየትኛው ጎን እንደተሰማ፣ ሹፌሩ ምን እንዳለ፣ ረዳቱ ምን እንዳለ። ቲኬት ካለዎት አይጣሉት። ያን ቀን የደወሉላቸው ሰዎች ስልክዎ ላይ ከነሰዓቱ አሉ፤ አያጥፏቸው። ሰው ቪዲዮ ቀርጾ ከሆነ ቲክቶክ ላይ እንዳይለጥፈው ይንገሩት። ዋናው ቅጂ ስልኩ ላይ ይቆይና ለፖሊስ ይቅረብ። ከዚያ ነገ ጠዋት ጣቢያ ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት ጠበቃ ማማከር ከቻሉ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

የሽማግሌዎቹ ነገር ግን ይህ ሁሉ ሊበላሽ የሚችልበት ቦታ ነው። በጥብቅና ሥራዬ ደንበኞቼ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው፤ ስለዚህ ልቆይበት።

ሽምግልናን አልንቅም። እኔም የሸዋ ልጅ ነኝ። ደም የተቃባ ቤተሰብ በሽማግሌ ሲታረቅ፣ ልጆች በሰላም ሲያድጉ አይቻለሁ። ችግሩ ሽምግልናው አይደለም። ችግሩ ወረቀቱ ነው።

አንድ ደንበኛዬ ልጁ በመኪና ተገጭቶ እግሩ ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን የሹፌሩ ዘመዶች በግና 15,000 ብር ይዘው መጡ። አለቀሱ። አባትየውም አለቀሰ። ከዚያ ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ ወጣ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ስድስት መስመር ተጽፎበታል። ከታች የሦስት ምስክሮች ስም አለ። አባትየው መጻፍ ስለማይችል የአውራ ጣቱን አሻራ አድርጓል። የመጨረሻው መስመር «ወደፊት በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላቀርብም» ይላል። ከሁለት ወር በኋላ የልጁ አጥንት አመረቀዘ። አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። 15,000ው ብር ለመጓጓዣና ለመኝታ እንኳ አልበቃም። አባትየው ቢሮዬ ሲመጣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞት ነበር። ይጠቅመኛል ብሎ ነው የያዘው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዕርቅ የተዘጋን ጉዳይ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ያየዋል፤ ቁጥር 3312ን ይመልከቱ። ወረቀቱን ለማፍረስ መታለልን ወይም መገደድን ማስረዳት ይኖርብዎታል። ቀላል ሥራ አይደለም። ያ መስመር ባይኖር ኖሮ አባትየው ብዙ በር ነበረው። በቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት ራሱ ይጠየቃል፤ ሹፌሩ ሌላ ሰው ቢሆንም። የሦስተኛ ወገን መድን አለ። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ ለአካል ጉዳትና ለሞት የመድን ፈንድ አለ። በወንጀሉ መዝገብ ላይም ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የካሳ ጥያቄ በመደበኛው 2 ዓመት ይገደባልና ያም ይታሰብበት።

ሰዎች ደግሞ የሚሳሳቱት በሌላው ወገን ነው። ሰው የሞተበት ጉዳይ በዕርቅ ወረቀት አይዘጋም። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ከሳሹም ዐቃቤ ሕግ ነው። ቤተሰብ ይቅር ቢል ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። ዕርቁ ቅጣት ሊያቀልል ይችላል እንጂ ክሱን አያስቀርም። ስለዚህ ተጎጂው መብቱን በወረቀት ዘግቶ ይወጣል። ሹፌሩ ደግሞ «ጨርሰናል» ብሎ ተዘናግቶ፣ ጠበቃ ሳይዝ፣ አንድ ቀን መጥሪያ ይደርሰዋል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ወደ እርስዎ ስመጣ ነገሩ የባሰ ነው። እርስዎ ተጎጂ አይደሉም፤ ምስክር ነዎት። ምስክር የሚያስማማው ነገር የለውም። እርስዎን ሊያስፈርሙ የሚፈልጉት ወረቀት «ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም» የሚል ነው ብዬ እሰጋለሁ። ፈርመው ነገ ፍርድ ቤት እውነቱን ቢናገሩ የሹፌሩ ጠበቃ ያንን ወረቀት ያወጣል፤ ቃልዎ ይረክሳል። ወረቀቱን ጠብቀው «አላየሁም» ቢሉ ደግሞ በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃሉ። የትራንስፖርት ሂሳብዎን ቢመልሱልዎትም፣ ቡና ቢያመጡልዎትም አይቀበሉ። ነገ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አያውቁም። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት «አባቶቼ፣ እኔ የተጣላሁት ሰው የለም። የሚታረቅ ካለ ከተጎዳው ቤተሰብ ጋር፣ ሕጉ ባለበት ይታረቅ» ይበሏቸው። በዚህ መልስ ማንም አይከፋም። የሚከፋ ካለ ስሙን ይያዙ።

የተጎዳ ቤተሰብ መኖሩን በኋላ ካወቁ ይህን ጽሑፍ ያንብቡላቸው። ገንዘብ መቀበል አይከለከልም። ግን «እስካሁን ለወጣ የሕክምና ወጪ ተቀብያለሁ» ተብሎ ይጻፍ። ያ ብቻ ይጻፍ። ሐኪሙ የመጨረሻውን ማስረጃ ሳይሰጥ፣ ወረቀቱን ጠበቃ ሳያየው «ከእንግዲህ» የሚል ቃል ያለበት ነገር ላይ አሻራ አይደረግም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ደብዳቤዎ ላይ ሽማግሌዎቹ «እያሉኝ ነው» ብለዋል። ስንት ጊዜ እንደመጡ አልነገሩኝም። ቀድሞውኑ ፈርመው ከሆነ አይፈሩ። ወረቀቱ በእጅዎ ካለ አይቅደዱት። በእጅዎ ከሌለ ምን እንደሚል፣ ማን እንደጻፈው፣ ማን ምስክር እንደሆነ፣ መቼና የት እንደፈረሙ ሳይረሱት ይጻፉት። ከዚያ ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት ያንን ይዘው ደብረ ብርሃን አንድ ጠበቃ ዘንድ ይግቡ። ቃልዎን ሲሰጡ መፈረምዎንም ራስዎ ቀድመው ይናገሩ፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ።