ፒኖኪዮን ወደ አማርኛ አኒሜሽን ለማምጣት ላሰባችሁ

ጥያቄያችሁን አነበብኩት። «ጥቂት ጓደኛሞች ነን፣ ፒኖኪዮን በአማርኛ አኒሜሽን ልንሠራው ነው። መጽሐፉን እንዳለ እንከተል ወይስ እንቀይረው? ፈቃድስ ያስፈልጋል? ከየትስ እንጀምር?» ነው ያላችሁት። እኔ እንጀራዬ ስቶሪቦርድ ነው፤ ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ትዕይንቶቹን በተከታታይ ሥዕል አስቀድሞ ማሳየት ማለት ነው። በዚሁ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎች ላይም ከባልደረቦቼ ጋር አጭር ፊልም ለመሥራት ብዙ ደክመናል። ጉዳዩን ስለምወደው ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከሁሉ በፊት መጽሐፉን አንብቡት። ፊልሞቹ ይቆዩ። አብዛኞቻችን ፒኖኪዮን የምናውቀው ከዲዝኒ ነው። የዲዝኒው ልጅ የዋህ ነው፤ የሚሳሳተው ሰው ሲያታልለው ነው። የመጽሐፉ ደራሲ፣ የጣሊያናዊው የካርሎ ኮሎዲ ፒኖኪዮ ሌላ ነው። ገና ከእንጨት ተጠርቦ ሳያልቅ የሚጠርበውን ሽማግሌ፣ የጄፔቶን ዊግ ከራሱ ላይ ይመነትፋል። እግር ሲሠራለት ምስጋናው እርግጫ ነው። ከዚያ በበሩ ወጥቶ እብስ ይላል። የሚመክረውን ተናጋሪ ፌንጣ አራተኛው ምዕራፍ ላይ መዶሻ ወርውሮ ይገድለዋል። ባለጌ ነው፣ ርቦታል፣ ይፈራል፣ ወዲያው ይጸጸታል፣ ወዲያው ይረሳል። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ልጅ ያውቀዋል።

ታሪኩ ከምዕራፍ ምዕራፍ የሚዘለውም በምክንያት ነው። ኮሎዲ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1881 ሮም ይታተም ለነበረ የልጆች ጋዜጣ ነው። በየእትሙ ትንሽ ትንሽ ነበር የሚወጣው። 15ኛው ምዕራፍ ላይ ፒኖኪዮ ትልቅ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ታሪኩም እዚያው ያበቃል። አንባቢዎች ግን «ይቀጥልልን» አሉ። ኮሎዲም ከወራት በኋላ ተመልሶ ቀጠለ። 36 ምዕራፍ አድርሶት በ1883 በመጽሐፍ ወጣ። እያንዳንዱ ምዕራፍ ልብ አንጠልጥሎ እስከሚቀጥለው እትም የሚያቆይ ነው። ለጋዜጣ ግሩም ነው። ፊልም ላይ ግን ተመልካች በየአምስት ደቂቃው አዲስ ታሪክ ሲጀመርለት ይደክመዋል። የሚከተለው አንድ ክር ይፈልጋል።

ስለዚህ «እንዳለ እንከተል ወይስ እንቀይር?» ለሚለው መልሴ፣ መቀየራችሁ አይቀርም ነው። ዋናው ጥያቄ ክሩ የቱ እንደሆነ መወሰን ነው። ክሩ የሚገኘው ደግሞ «ይህ ልጅ ምን ይፈልጋል? መቼስ መፈለግ ጀመረ?» ብሎ በመጠየቅ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ፒኖኪዮ አሻንጉሊት መሆን ሰልችቶት ሰው መሆን እንደሚፈልግ የሚናገረው ምዕራፍ 25 ላይ ነው። ከ36ቱ! እስከዚያ ድረስ የሚፈልገው መብላት፣ መጫወትና ከትምህርት ቤት መቅረት ነው። ዲዝኒዎች በ1940 ባወጡት ፊልም ያንን ፍላጎት ከመጽሐፉ ወገብ አንስተው መግቢያው ላይ አስቀመጡት። ጄፔቶ ኮከብ አይቶ ልጅ ይመኛል። አስማተኛዋ ሴት መጥታ ለአሻንጉሊቱ ሕይወት ትሰጠዋለች፣ ደፋር፣ እውነተኛና ለራሱ ብቻ የማያስብ ከሆነ እውነተኛ ልጅ እንደሚሆንም ትነግረዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፈተና ነው። ቀበሮው፣ የአሻንጉሊት ቲያትሩ፣ ልጆች አህያ የሚሆኑበት ደሴት፣ ዓሣ ነባሪው፣ ሁሉም እዚያ ክር ላይ ይሰካሉ።

አፍንጫውንም ልብ በሉ። ስለ ፒኖኪዮ ማንንም ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚያነሳላችሁ አፍንጫውን ነው። በዚያ ፊልም ግን አፍንጫው የሚረዝመው አንድ ትዕይንት ላይ ብቻ ነው። የወፍ መያዣ ፍርግርግ ውስጥ ተቆልፎበት ይዋሻል፤ አፍንጫው ይረዝማል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅጠል ያበቅላል፣ ጫፉ ላይ የወፍ ጎጆ ይሠራበታል። አንዴ በሚገባ ተሠራ፣ በቃ። እናንተም በየትዕይንቱ ልታስረዝሙት ያምራችኋል። አታድርጉት። አንድ ቦታ ምረጡና ያላችሁን አቅም ሁሉ እዚያ አፍሱት።

ያ ፊልም ግን በቀላሉ የመጣ አይደለም። መጀመሪያ የሣሉት ፒኖኪዮ ደረቅ የእንጨት አሻንጉሊት ነበር፤ ዋልት ዲዝኒ አልወደደውም፣ ሥራውንም አስቆመው። በኋላ ሚልት ካል የተባለው አኒሜተር ነገሩን ገለበጠው፦ መጀመሪያ ልጅ ሣለ፣ ከዚያ የእንጨት መጋጠሚያ ጨመረበት። ፌንጣውም ያኔ ሰፊ ቦታ ተሰጠውና የልጁ ኅሊና ሆነ። ለፊልሙ ትክክለኛ መፍትሔ ነበር። እኔ ግን የኮሎዲው ዱርዬ ልጅ እዚያ ላይ መጥፋቱ እስካሁን ይቆጨኛል። እናንተ እሱን ብትመልሱት ደስ ይለኛል።

ጊሌርሞ ዴል ቶሮና ማርክ ጉስታፍሰን በ2022 ያወጡት ስቶፕ ሞሽን ፊልም (አሻንጉሊቶችን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በማንሳት የሚሠራ) ሌላ ክር መርጧል። ጄፔቶ በጦርነት ልጁን ያጣ አባት ነው፤ አሻንጉሊቱን የሚጠርበው በሐዘን ሰክሮ ነው። ዘመኑ የሙሶሊኒ ነው። ልጆች አህያ የሚሆኑበት ቦታ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ካምፕ ሆኗል። ቀበሮውና የቲያትሩ ጌታ ተጨፍልቀው አንድ ሰው ሆነዋል። ፒኖኪዮም ሥጋ ለባሽ ልጅ አይሆንም፣ እንጨት እንደሆነ ይወደዳል። በ2023 በአኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ያገኘው ይህ ፊልም ነው። በዚያው ዘመን የእነዚያ ልጆች ታላላቆች ወደ እኛ አገር ዘምተዋልና፣ እኛ ያንን ካምፕ የምናየው በሌላ ዓይን ነው። ሁለቱ ፊልሞች አንድ መጽሐፍ ይዘው ተቃራኒ ቦታ ደርሰዋል። አንደኛው «ታዛዥ ሁንና ሰው ትሆናለህ» ይላል። ሌላኛው መታዘዝን ራሱን ይጠይቃል። የእናንተ ክር ከሁለቱ የተለየ ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ ይሁን። ገጸ ባሕሪ ሲበዛባችሁም እነሱ እንዳደረጉት ሁለቱን አንድ አድርጉ፤ መጽሐፉ አይሰበርም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ተራኪው። ብዙ ሰው መጽሐፍን ወደ ፊልም ሲያመጣ ድርጊቱን ይወስድና ድምፁን ይተወዋል። የኮሎዲ መጽሐፍ ግማሽ ጣዕሙ ድምፁ ነው። ሲጀምር «በድሮ ጊዜ…» ይልና «ንጉሥ ነበረ!» የሚሉትን ልጆች ያቋርጣቸዋል። አልሆነም ልጆች፣ የነበረው ቁራጭ እንጨት ነው ይላቸዋል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ለመለሰ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም። በአባባ ተስፋዬ ያደገ ትውልድ ልጆችን አይቶ የሚናገር ተራኪ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሁለቱም ፊልሞች ይህን ድምፅ አልጣሉትም። መጽሐፉ ውስጥ ገና በጠዋቱ ለሚሞተው ፌንጣ ሰጡትና ታሪኩን እሱ እንዲነግረን አደረጉ።

እኛ አኒማቲኩን፣ ማለትም ስቶሪቦርዱን ከጊዜያዊ ድምፅ ጋር ቆርጠን የገጠምነውን ቪዲዮ፣ ለሰፈር ልጆች አሳየን። ተራኪው «በድሮ ጊዜ አንድ…» ብሎ ዝም ይላል። ስክሪፕቱ ላይ እንደ መጽሐፉ «ንጉሥ ትላላችሁ አይደል?» የሚል ነበር። ልጆቹ ግን ዝምታውን አልጠበቁትም። አንዱ «አንበሳ!» አለ፣ አንዷ «ጦጣ!» ብላ ጮኸች፣ ከኋላ ደግሞ «አያ ጅቦ!» የሚል መጣ። ንጉሥ ያለ አንድም አልነበረም። እውነታቸውን ነው፤ የእኛ ተረት በእንስሳት የተሞላ ነው። መስመሩን ቀየርነው። ተራኪው አሁን «አንበሳ? አይደለም። ጦጣ? አይደለም። አያ ጅቦ? እሱም አይደለም። እንጨት!» ይላል። በሚቀጥለው ጊዜ ስናሳይ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ለኮሎዲ ታማኝ መሆን ማለት ለእኔ ይሄ ነው። እሱ የራሱን አገር ልጆች እንዳወቃቸው፣ እናንተም የራሳችሁን እወቁ።

ስታሳዩ ታዲያ ስክሪኑን አትዩ፣ ልጆቹን እዩ። ጫማውን መፍታት የጀመረ ልጅ ካለ፣ ያ ቦታ ረዝሟል። አስተያየት አትጠይቋቸው፤ እንዳያስቀይሟችሁ «ጥሩ ነው» ይሏችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያንገበግበኛል። ገንዘብ ሊሰጠን የነበረ አንድ ድርጅት መጨረሻው ላይ አስተማሪ ገብታ «ልጆች፣ ከፒኖኪዮ ምን ተማራችሁ?» እንድትል ጠየቀን። እምቢ አልን፣ ገንዘቡም ቀረ። ለእናንተም መምጣቱ አይቀርም። ልጅ ምክር ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል። ፊልም የሚያየው ሌላ ነገር ፈልጎ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ጄፔቶ በብርድ ኮቱን ሸጦ ለልጁ የፊደል መጽሐፍ ይገዛል፤ ልጁ ደግሞ ያንኑ መጽሐፍ ሸጦ ቲያትር ይገባል። ይህን በወጉ ካሳያችሁት ማንም አስተማሪ የምትጨምርበት የለም።

ስለ አማርኛው ንግግር፦ ድምፁን ከሥዕሉ በፊት ቅዱት። አኒሜተሩ የሚሠራው ተዋናዩ ባወጣው ትንፋሽ ላይ ነው። ከኢንተርኔት የምታወርዱት የአፍ ቅርፅ ሰንጠረዥ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ስለሆነ የራሳችሁን አዘጋጁ። መስታወት ፊት ቁሙና «በ፣ መ፣ ጰ» በሉ፤ ከንፈር ይገጥማል። «ፈ» ላይ ጥርስ ከንፈርን ይነካል። «ቋ» እና «ጓ» ላይ ከንፈር ይሾላል። እነዚህን ካገኛችሁ ሌላው ይከተላል። ከከንፈር በላይ ግን የሰውነት እንቅስቃሴው ያስቸግራል። የእኛ ዓረፍተ ነገር ጉልበቱ መጨረሻው ላይ ነው። ፒኖኪዮ «ካልተላጠልኝ አልበላም» ሲል እምቢታው የሚመጣው «አልበላም» ላይ ነው። አኒሜተሩ ፊቱን ገና «ካልተላጠልኝ» ላይ ካዞረው ንግግሩና አካሉ ይጣላሉ። ፊቱን አቆዩት፣ «አልበላም» ላይ ይዙር።

ፈቃዱን በአጭሩ። ኮሎዲ የሞተው በ1890 ነው። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት የሚቆየው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። አውሮፓ ውስጥ 70 ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ነጻ ነው። ሁለት ነገሮች ግን ነጻ አይደሉም። አንደኛው ትርጉም ነው፤ ተርጓሚው የራሱ መብት ስላለው ያገኛችሁትን የአማርኛ ትርጉም ዝም ብላችሁ አትጠቀሙ፣ ወይ አስፈቅዱ ወይ ራሳችሁ ተርጉሙ። ሁለተኛው የዲዝኒ ሥዕል ነው። ባለ ኮፍያውና ባለ ጃንጥላው ፌንጣ፣ የፒኖኪዮ ቢጫ ኮፍያ፣ ዘፈኖቹ፣ እነዚህን አትንኩ። መጽሐፉ ውስጥ የፒኖኪዮ ልብስ ከአበባማ ወረቀት ነው፣ ጫማው ከዛፍ ቅርፊት፣ ኮፍያው ከዳቦ ልብ። ከዚህ ተነስታችሁ ብትስሉ ማንንም አይመስልባችሁም።

ከየት እንጀምር ላላችሁት፣ ከምዕራፍ 5 ጀምሩ። ሙሉ ፊልሙን ለጊዜው እርሱት። ቁጥሩን እዩት፦ አንድ ሴኮንድ 24 ፍሬም ነው፣ ማለትም ተራ በተራ የሚያልፍ 24 ምስል፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ነው። ሁለት ደቂቃ ለጥቂት ጓደኛሞች በቂ ሥራ ነው። ለሶፍትዌር አትጨነቁ፣ ብሌንደር በነጻ ይገኛል። በ2025 ኦስካር ያሸነፈው የላትቪያው «ፍሎው» የተሠራው በእሱ ነው፣ አንድም የሰው ንግግር የለበትም።

ምዕራፍ 5ም ንግግሩ ትንሽ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ልጅ፣ ረሃብ። የጄፔቶ ቤት ድህነቱ የሚታወቀው ግድግዳው ላይ በተሣለ እሳትና በተሣለ ድስት ነው፤ ድስቱ እንፋሎት ሁሉ አለው። ፒኖኪዮ ይርበዋል፣ ድስቱን ያያል፣ ይሮጣል፣ ክዳኑን ሊያነሳ እጁን ይዘረጋል። እጁ ግድግዳ ይነካል። ለአኒሜሽን ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም፣ ምክንያቱም እናንተ የምትሠሩት ሁሉ ሥዕል ስለሆነ ተመልካቹ የትኛው «እውነት» እንደሆነ አይለይም። ድስቱን ልክ እንደ ወንበሩና እንደ ጠረጴዛው ሣሉት፣ እንፋሎቱን ግን አታንቀሳቅሱት። ጎበዝ ልጅ ቀድሞ ይነቃል፣ ሌላው ከፒኖኪዮ ጋር አብሮ ይደነግጣል። ቀጥሎ እንቁላል ያገኛል፣ ይሰብረዋል፣ ጫጩት ወጥታ አመስግናው በመስኮት ትበራለች። እዚያ ላይ ቁረጡት። ስቶሪቦርዱን ስትጨርሱ ያለ ምንም ድምፅ ለልጆች አሳዩት። ድስቱ ጋ ካልሳቁ ወይም «እሰይ!» ወይም «ወይኔ!» ካላሉ፣ ወደ ምዕራፍ 6 አትለፉ።