መልስ፦ የፓስቴሬላን ካፕሱል ያለ ፒሲአር ስለ መለየት

ከሱሉልታው የዶሮ እርባታ ያገኙት ፓስቴሬላ መልቶሲዳ የተባለው ባክቴሪያ ካፕሱሉ (የውጭ ሽፋኑ) የሃያሉሮናን (የስኳር ሰንሰለት) መሆኑን ያለ ፒሲአር (የዘረመል ምርመራ) እንዴት እንደሚያረጋግጡ ጠይቀዋል። ለዚህም ሃያሉሮኒዴዝ (ሃያሉሮናንን የሚያፈርስ ኢንዛይም) የሚያመነጭ ስታፊሎኮከስ ኦረስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ በደም አጋር (ደም የተቀላቀለበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ሳህን መካከል በአንድ መስመር ይዝሩ፤ ከዚያም ፓስቴሬላውን መስመሩን እንዲነካ አድርገው በግራና በቀኙ ዘርተው በ37 ዲግሪ ያሳድሩት። በማግስቱ ከመስመሩ የራቁት ኮሎኒዎች ንፍጥ መስለው ካበጡ፣ በአጠገቡ ያሉት ግን ሟሽሸው ከታዩ፣ ካፕሱሉ የሃያሉሮናን ነው፤ ማለትም የካፕሱሉ ዓይነት ኤ ነው።

ካፕሱሉን የሚሠራው 972 አሚኖ አሲድ ያለው ሃያሉሮናን ሲንቴዝ ሲሆን፣ ግሉኩሮኒክ አሲድና ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን የተባሉትን ሁለት የስኳር ዓይነቶች እያፈራረቀ የሚያያይዘው ብቻውን ነው፤ ለአንድ ኢንዛይም ቀላል ሥራ አይደለም።

ከልምድ የምነግርዎ ግን፣ ባክቴሪያው ከሳህን ወደ ሳህን ደጋግሞ ሲዛወር ካፕሱሉን ሊያጣ ስለሚችል፣ ሁሉም ኮሎኒ ጠፍጣፋ ከሆነ ኤ አይደለም ብለው ሳይደመድሙ በማቀዝቀዣ ካስቀመጡት የመጀመሪያ ናሙና እንደገና ይዝሩ።