ከሚያዳልጥ አለት ላይ አሳ ስናጠምድ ምን እንጫማ? ጥያቄና መልስ

ጎርጎራ ላይ፣ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው የጣና ዳር ከተማ፣ አንድ ጥር ላይ አዳልጦኝ የእጄ አንጓ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ የጫማ ነገር ያንገበግበኛል። የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ታኬታ አለኝ። ጥርስ ስላለው አለቱን አይቆነጥጥም?

እንዳታደርገው ወንድሜ! የታኬታ ጥርስ የተሠራው አፈር ውስጥ እንዲሰምጥ ነው፤ አለት ላይ የሚሰምጥበት ቦታ የለውም። ክብደትህ በሙሉ በጥቂት ጠንካራ ፕላስቲኮች ላይ ያርፍና ትበራለህ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ለአለት የሚሆነው ጥርስ ተንግስተን ካርባይድ ከሚባል በጣም ጠንካራ ነገር ተሠርቶ ሶሉ ላይ በብሎን የሚገባው ነው። እሱ እርጥብ አለት ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ የሚያዳልጥ ሽፋን ወግቶ ድንጋዩን ይነካል።

ኮንጎስ? በረባሶስ?

ኮንጎ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል። ግን ሲረጥብ ፕላስቲኩ ያንሸራትታል፣ እግርም ውስጡ ይዋልላል። በረባሶ ደረቅ አለት ላይ ጎበዝ ነው፤ አረንጓዴው ላይ ግን እሱም አይረዳህም። ሌላ መግዛት ካልቻልክ አሮጌ ሸራ ጫማህ ላይ፣ ከመሃል እግርህ እስከ ጣቶችህ ስር፣ የቃጫ ገመድ ሦስት አራት ዙር ጠምጥመህ አጥብቀህ እሰር። ቋጠሮው ከላይ ይሁን። ሻካራው ቃጫ ድጡን ሰንጥቆ ስለሚይዝ ብዙ ይረዳል። የናይለን ገመድ ግን አይሆንም፣ እሱ ራሱ ያንሸራትታል።

ልጄ ከውጭ የላከልኝ ጫማ ሶሉ እንደ ብርድ ልብስ ነው። ተሳስቶ ይሆን?

አልተሳሳተም አባቴ፣ አውቆ ነው የላከልዎ። የተዳመጠ ሱፍ የመሰለ ሶል አረንጓዴ አለት ላይ ከተራ ጎማ በጣም ይሻላል። ጭቃ ላይ ግን አያምኑት። ሌላው ችግሩ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ከአንዱ ውሃ ያነሳውን ጥቃቅን ነገር ወደ ሌላው ይወስዳል፤ ኒውዚላንድ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክላዋለች። ስለዚህ ከአንገረብ ወደ ጣና ከመሄድዎ በፊት አጥበው ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁት።

ቅዳሜ ገበያ ስገዛ በምን ልለየው?

ሶሉን በጥፍርህ ተጫነው። ትንሽ ከሰረጎደ ለስላሳ ጎማ ነው፣ ይዞ ይቆማል። እንደ ቀንድ ከደረቀብህ ተወው። ሰልባጅ ከሆነ ደግሞ እጠፈውና ጠርዙን እይ፤ ጎማው ተሰነጣጥቆ ወይም ማስቲሹ ለቆ ከሆነ ውሃው ዳር ይገነጠልብሃል። ከሰዓት በኋላ ግዛ፣ እግር ያን ሰዓት ያብጣል። ተረከዝህን አጥብቆ ካልያዘ፣ ምንም ቢያምር አትግዛው።

የባለቤቴን ቦቲ ባደርግስ?

እህቴ፣ ለጭቃው ዳር ጥሩ ነው። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ ስላለ ክፍት ጫማ ለብሰሽ ውሃ ውስጥ ከምትገቢ ቦቲ ይሻልሻል፣ ትሉ በባዶ ቆዳ ነው የሚገባው። ለአለት ግን አልመክርሽም። የብዙዎቹ ሶል ደረቅ ነው፤ ወድቀሽ ውሃ ከሞላበት ደግሞ ተነስቶ መውጣቱ ያታግልሻል። በዚያ ላይ የሰው ልክ ነው! አለት ላይ የምትቆሚ ከሆነ በልክሽ የሆነ ለስላሳ ሶል ያለው ሸራ ጫማ አድርጊና ውሃው ውስጥ አትግቢ።

አለቱ የሚብሰው ክረምት ነው አይደል?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ክረምት ላይ ሁሉም ስለሚፈራ ይጠነቀቃል። ጣና ግን መስከረም አካባቢ ሞልቶ ከዚያ እስከ ግንቦት ቀስ እያለ ይጎድላል፣ ሲጎድል ደግሞ ወራት ሙሉ ውሃ ውስጥ የከረመው አለት አረንጓዴ ሽፋኑን እንደለበሰ ብቅ ይላል። ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሰው ዘና ብሎ ይረግጠዋል። ነጣ ያለውን ደረቅ አለት ፈልጋችሁ ቁሙ። ጠቆር ብሎ የሚያብለጨልጨውን ግን ምንም ጫማ ብታደርጉ አትርገጡት፤ እኔ የወደቅኩት እሱ ላይ ነው።