ማንችስተር ላይ ቃሪያዬ አበባዋን የምታረግፈው ለምንድን ነው?
እህቴ፣ ጁላይን ሙሉ በረንዳ ላይ ያስቀመጥሻት ቃሪያ አበባዋን እያረገፈች ፍሬ አልይዝ ማለቷን አነበብኩ። አይዞሽ፣ በርዷት ነው። ሌሊቱ ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቃሪያ አበባውን ይጥላል። ዛሬውኑ ወደ ደቡብ በሚያየው መስኮት አጠገብ አስቀምጫት። ማታ ግን በመጋረጃውና በመስታወቱ መሃል እንዳትተያት፣ እዚያ በጣም ይቀዘቅዛል።

ቤት ውስጥ ንብ የለም። ስለዚህ አበባው ሲፈካ ጠዋት ጠዋት ግንዷን በጣትሽ መታ መታ አድርጊው፣ ብናኙ እዚያው ይራገፋል። ከቀናት በኋላ ነጩ አበባ ጠውልጎ ከሥሩ የክብሪት ራስ የምታክል አረንጓዴ ፍሬ ብቅ ትላለች። እኔ እሷን ባየሁ ቁጥር ደስታዬ ልክ የለውም!

ውሃ አታብዢባት። ደመና ሲሆን አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። ጣትሽን ክተቺና እርጥብ ከሆነ ተዪው። በሳምንት አንዴ የቲማቲም ፈሳሽ ማዳበሪያ ስጫት፤ ፖታሺየሙ ለፍሬ ይረዳታል።

እስኪቀላም አትጠብቂ። በአረንጓዴው ስትቆርጪው ሌላ ታወጣለች፣ ለስንግም የሚሆነው እሱ ነው። ኦክቶበር ላይ ደግሞ እንዳትጥያት። ቃሪያ ብርድ ካልገደለው ከዓመት ዓመት ይኖራል። ቅርንጫፏን ከርክመሽ ብርዱን ቤት ውስጥ ታሳልፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቀድማ ታብባለች።