የልጄ ጣት ላይ የወጣው ኪንታሮት በቁልቋል ወተት ይድናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የ9 ዓመት ልጄ ጣቶቹ ላይ ኪንታሮት ወጥቶበታል። መጀመሪያ አንድ ነበር፣ አሁን ስድስት ሆኗል። እናቴ «ኮከብ ቆጥሮ ነው» ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ የቁልቋል ወተት ቀቢለት ብላኛለች። የ13 ዓመት እህቱ ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ልትከተብ ነው። ካንሰሩን የሚያመጣው ይኸው የኪንታሮት ቫይረስ ነው ሲሉ ሰምቼ ደነገጥኩ። ልጄን ካንሰር ይይዘው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞዎት። ጤናማ ልጅ ጣት ላይ የሚወጣ እንዲህ ያለ ኪንታሮት ወደ ካንሰር አይቀየርም።

የሰሙት ግን መሠረት አለው። ቫይረሱ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ ይባላል። ከ200 በላይ ዓይነት አለው፤ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። እጅና እግር ላይ ኪንታሮት የሚያወጡት በብዛት ቁጥር 1፣ 2፣ 4፣ 27 እና 57 ናቸው። ብልት አካባቢ የሚወጣው በአብዛኛው ከ6 እና ከ11 ነው። ከ10 የማህፀን በር ካንሰር ሰባት ያህሉን የሚያመጡት ደግሞ 16 እና 18 ናቸው። ክትባቱ እነዚህን ስለሚከላከል ሴት ልጅዎን ያለ ስጋት ያስከትቧት። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰጥ የቆየ ነው። የወንድሟን ጣት ግን አያድንም።

ኮከብ መቁጠሩ ምንም አላደረገውም። ቫይረሱ የሚገባው በተላጠ ወይም በተጫረ ቆዳ በኩል ነው። ኪንታሮቱ እስኪታይ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ከማን እንደያዘው ማወቅ ይከብዳል። አንዱ ስድስት የሆነው ምናልባት ጥፍሩን ስለሚነክስ ወይም ስለሚቆነጥጠው ነው። ይህን ልማድ ያስተውት። ፎጣና የጥፍር መቁረጫም ለብቻው ይሁን።

አሁን ወደ ቁልቋሉ። እባክዎን አይቀቡት! ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ እይታን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። የ9 ዓመት ልጅ በተቀባ ጣቱ ዓይኑን ላለማሸቱ ማን ዋስ ይሆናል? ምናልባት ቀብተውለት ዓይኑ ከነካ፣ የቧንቧው ውሃ ቢጠፋ እንኳ ከጄሪካን እየቀዱ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያጥቡትና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የባትሪ አሲድ፣ በምላጭ መቁረጥ፣ በፈረስ ጭራ ማሰርም ያው ናቸው፤ ቁስልና ጠባሳ ያተርፋሉ።

«እኔ ቀብቼው ጠፍቶልኛል» የሚሉ ሰዎች እንደማይዋሹ አውቃለሁ። ልጆች ላይ ከወጣ ኪንታሮት ከሦስት ሁለቱ ያህል በ2 ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ሰውነት ቫይረሱን ቀስ ብሎ ይለየውና ያጠፋዋል። በዚያ ሰሞን የተቀባው ነገር ምስጋናውን ይወስዳል።

ስለዚህ ካላመመው መጠበቅ ይቻላል። ካስቸገረው ፋርማሲ ለኪንታሮት የሚሸጥ ሳሊሲሊክ አሲድ አለ። ማታ ማታ ጣቱን ለብ ባለ ውሃ ይንከሩለትና ያድርቁት። የሞተውን ቆዳ በሞረድ በቀስታ ይሞርዱ፤ ሞረዱን ሌላ ሰው አይጠቀምበት። ዙሪያውን ቫዝሊን ቀብተው መድኃኒቱን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ያድርጉ። እስከ 3 ወር ሊፈጅ ስለሚችል ትዕግሥት ይጠይቃል። ፊትና ብልት ላይ ፈጽሞ አይደረግም። የስኳር ሕመምተኛም ሐኪም ሳያማክር እግሩ ላይ አይጠቀምበት።

በዚህ ካልጠፋ ጤና ጣቢያ አሳይተው ወደ ቆዳ ሐኪም ሪፈር ያጽፉ። አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ። በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ አንዱ አማራጭ ነው፤ ትንሽ ያማል፣ መደጋገምም ይፈልጋል። ከደማ፣ ቀለሙ ከተቀየረ፣ ፊቱ ወይም ብልቱ ላይ ከወጣ፣ ወይም በአጭር ጊዜ መላ ሰውነቱን ካለበሰው ግን ሳይቆዩ ይምጡ። በብዛት ሲወጣ የኤችአይቪ ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። የሰውነት መከላከል መድከሙን ለማየት ስለሆነ አይደንግጡ።

ከትምህርት ቤት አያስቀሩት። ጓደኞቹ እጁን እንዳይሸሹት ፕላስተር ለጥፈውለት ይሂድ፤ ኳሱንም ይጫወት።